ከአዳራሽ ሥልጠና እስከ መቁረጫ ጠረጴዛ፦ በጎንደር የአንድ ብረታ ብረት ማኅበር የጉዳይ ጥናት

በጎንደር ከተማ ወደ አዘዞ በሚወስደው መንገድ አቅራቢያ፣ ለጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት ከተሠሩት ሼዶች በአንዱ ውስጥ፣ በርና መስኮት፣ አልጋና የተማሪ ዴስክ የሚሠራ አንድ የብረታ ብረት ማኅበር አለ። ማኅበሩ ከተደራጀበት ጊዜ ጀምሮ ከመንግሥት አካላት ሥልጠናም የቴክኒክ ድጋፍም አግኝቷል። ይህ ጽሑፍ ከተሰጠው ድጋፍ ውስጥ የትኛው ሥራውን እንደለወጠና የትኛው ከፋይል እንዳላለፈ በዝርዝር ይመረምራል። የማኅበሩ፣ የአባላቱና ድጋፉን የሰጡት ተቋማት ስም ሆን ተብሎ አልተጠቀሰም።

አባላቱ አምስት ናቸው። ሦስቱ ወጣቶች የብረታ ብረት ሙያን በቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ተምረው የብቃት ምዘና ያለፉ ሲሆኑ፣ አራተኛው ዕድሜውን በቅዳሜ ገበያ አካባቢ በግለሰቦች ብየዳ ቤት ያሳለፈና ሌሎቹ «አያ» እያሉ የሚጠሩት ነባር በያጅ ነው። አምስተኛዋ በሂሳብ አያያዝ የሠለጠነች ገንዘብ ያዥ ናት። አንባቢ ይህችን ገንዘብ ያዥ ልብ ቢላት እወዳለሁ፤ ድጋፉ በማኅበሩ ውስጥ ሥር የያዘው በአብዛኛው በእሷ መዝገብ በኩል ነውና።

የድጋፉ ማዕቀፍ

ኢትዮጵያ ለጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት የመጀመሪያውን ብሔራዊ ስትራቴጂ ያወጣችው በ1990 ዓ.ም. ነው። በ2003 ዓ.ም. የተሻሻለው ስትራቴጂ በኢንዱስትሪ ዘርፍ ባለቤቱንና የቤተሰብ ጉልበትን ጨምሮ እስከ 5 ሰው የሚያሠራና ጠቅላላ ሀብቱ ከ100,000 ብር ያልበለጠውን ጥቃቅን፣ ከ6 እስከ 30 ሰው የሚያሠራና ሀብቱ እስከ 1.5 ሚሊዮን ብር የሚደርሰውን ደግሞ አነስተኛ ብሎ ለየ። ተቋማቱም እንደ ዕድገታቸው ጀማሪ፣ ታዳጊና የበቃ ተብለው እንዲደገፉ ተወሰነ። ሼድ፣ ብድር፣ የገበያ ትስስርና ሥልጠና በየቀበሌው በተቋቋመው የአንድ ማዕከል አገልግሎት በኩል እንዲደርሷቸው ሲደረግ፣ የቴክኒኩ ሥራ ለቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ተሰጠ። ኮሌጆቹ አሠልጣኞቻቸውን ወደ ተቋማቱ እየላኩ የሚሰጡት ይህ አገልግሎት የኢንዱስትሪ ኤክስቴንሽን ይባላል፤ በውስጡም የቴክኒክ ክህሎት፣ የኢንተርፕረነርሺፕ፣ የካይዘንና የቴክኖሎጂ ድጋፍ የተባሉ አራት ዘርፎች አሉት። በ2014 ዓ.ም. የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ሲቋቋም የሥራ ዕድል ፈጠራውና የሙያ ሥልጠናው በፌዴራል ደረጃ በአንድ ጣሪያ ሥር ገቡ።

በዚህ ማዕቀፍ መሠረት አባላቱ 20 በመቶውን ቆጥበው 80 በመቶውን በብድር አገኙ፤ በገንዘቡም የብየዳ ማሽን፣ ግራይንደር (ብረት መቁረጫና መሞረጃ)ና ትራፓኖ (መብሻ) ገዙ፤ ሼዱንም ተረከቡ። እስከዚህ ድረስ ሂደቱ እንደታሰበው ሄዷል።

የአዳራሹ ሥልጠና

የመጀመሪያው ሥልጠና ኢንተርፕረነርሺፕ ላይ ያተኮረ ነበር። በአዳራሽ ውስጥ ከልዩ ልዩ ዘርፍ የመጡ ሠልጣኞች፣ ፀጉር ሠሪው ከዶሮ አርቢው፣ ባልትና አዘጋጇ ከብረት ሠራተኛው ጋር አብረው ተቀምጠው ስለ ንግድ ዕቅድ፣ ስለ ደንበኛ አያያዝና ስለ ቁጠባ ተማሩ። አሠልጣኙ ትምህርቱን የሚያውቅና በቅን ልቦና የሚያስተምር ሰው እንደነበር ሁሉም ይመሰክራሉ። ችግሩ ሌላ ቦታ ላይ ነበር።

ሥልጠናው የተሰጠው ጥር መጀመሪያ ላይ ነው። ጎንደርን ለሚያውቅ ሰው የዚህ ትርጉም ግልጽ ነው፦ ከጥምቀት በፊት ባሉት ሳምንታት ሆቴሎችና የእንግዳ ማረፊያዎች አልጋቸውን፣ የደረጃ መደገፊያቸውንና የውጭ በራቸውን ያሳድሳሉ፤ የብረት ሠራተኛው የዓመቱን ወፍራም ገቢ የሚያገኘውም ያኔ ነው። ማኅበሩ አምስቱንም አባላት ወደ አዳራሽ ልኮ ሼዱን ሊዘጋ አልቻለም፤ ስለዚህ ገንዘብ ያዧንና ታናሹን ወጣት ላከ። የሚቆርጠውና የሚበይደው፣ ከደንበኛም ጋር ዋጋ የሚነጋገረው ሰው ሥራው ላይ ቀረ። የተላኩት ሁለቱ ተመልሰው የተማሩትን ለሌሎቹ ለማካፈል ሞክረው ነበር፤ ግን በግራይንደር ጩኸት መካከል ስለ ንግድ ዕቅድ ማስረዳት ብዙም አልተቻለም።

ከሥልጠናው በኋላም ዋጋ የሚተመነው እንደቀድሞው ነበር። ደንበኛ መጥቶ የመስኮት ዋጋ ሲጠይቅ ጎረቤት ሼድ በካሬ ሜትር ስንት እንደሚጠይቅ ይታሰብና ከእሱ ትንሽ ዝቅ ይደረጋል። ኤሌክትሮድ፣ የመቁረጫ ዲስክ፣ ቀለም፣ መብራት፣ የጭነት ክፍያና የራሳቸው የጉልበት ዋጋ በሂሳቡ ውስጥ የሉም። አባላቱ ገንዘብ ሲቸግራቸው ከሣጥኑ ያነሣሉ፤ ወር ሲያልቅ ሥራ የበዛበት ወርም ሥራ የጠፋበት ወርም ሣጥኑ ውስጥ የሚቀረው ያው ነው። በአዳራሹ «የድርጅትንና የግል ገንዘብን ለዩ» የተባለው ምክር ትክክል ነበር። ሆኖም ደመወዝ ላልተቆረጠለት ሰው ይህ ምክር በተግባር «አትብላ» ከማለት የሚለይ አይደለም፤ ስለዚህ ማንም አልፈጸመውም።

ነገሩን ፍትሐዊ ለማድረግ አንድ ጥቅም መጠቀስ አለበት። ጎንደር ከአፄ ፋሲል ዘመን ጀምሮ በግንበኛ፣ በአናጢና በብረት ሠራተኛ እጅ የተሠራች ከተማ ብትሆንም፣ ብረት ቀጥቃጩ በዚያው አገር ለረጅም ዘመን ሲናቅና ከማኅበራዊ ኑሮ ሲገለል ኖሯል። ነባሩ በያጅ በወጣቶቹ ጉትጎታ የብቃት ምዘና ወስዶ ሲያልፍና የምስክር ወረቀቱ ሼዱ ግድግዳ ላይ ሲሰቀል፣ ሙያው ለመጀመሪያ ጊዜ በማኅተም ታወቀለት። ይህ በገቢ አይለካም፤ ነገር ግን በኋላ ለወጣቶቹ ሐሳብ ጆሮውን የሰጠው ከዚህ ወዲህ ይመስለኛል።

ቁርጥራጩ ክምር

የኤክስቴንሽን ድጋፉ መጀመሪያ ላይ ከአዳራሹ ብዙም አልተሻለም። የተመደበው አሠልጣኝ መጥቶ የክፍተት ዳሰሳ ቅጽ ሞላ፤ በቀጣዮቹ ጉብኝቶቹም ጥቂት ቆይቶ የጉብኝት ቅጹን አስፈርሞ ይሄድ ነበር። በሪፖርት ላይ ማኅበሩ በአራቱም ዘርፍ «የተደገፈ» ሆነ። ለውጡ የጀመረው ሁለተኛ አሠልጣኝ ሲመደብና እሱም ካይዘንን ከመጀመሪያው እርከን ጀምሮ በእጁ ለማሠራት ሲወስን ነው።

ካይዘን ከጃፓን የመጣ የሥራ አመራር ፍልስፍና ሲሆን፣ በኢትዮጵያ በጃፓን ዓለም አቀፍ ትብብር ኤጀንሲ እገዛ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በ30 ድርጅቶች ላይ ተሞክሮ ወደ ሌሎች ተስፋፍቷል። በየሼዱ ግድግዳ ላይ የሚለጠፉት አምስቱ «ማ»ዎች፣ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድና ማዝለቅ፣ የእሱ መግቢያ ናቸው። በብዙ ቦታ ነገሩ ወለል ጠርጎና መሣሪያ በሰሌዳ ሰቅሎ ያበቃል። እዚህ ግን አሠልጣኙ ለማጣራት ከሼዱ ጀርባ ያለውን የቁርጥራጭ ክምር አስወጣ፤ ክምሩን ከመሸጥ በፊትም እያንዳንዱን ቁራጭ በሜትር እንዲለኩት አደረገ። ከክምሩ ውስጥ እጅግ ብዙው አንድ ዓይነት ሆኖ ተገኘ፦ 1.20 ሜትር ለመሙላት አንድ ሳንቲም ሜትር ከምናምን የጎደለው ባለ 40 ሚሊ ሜትር ቱቦላሬ፣ ማለትም ውስጡ ክፍት የሆነ የብረት ቱቦ።

ይህ እንዴት እንደሚፈጠር በዝርዝር ማየት ይገባል። ቱቦላሬ ከገበያ የሚገዛው በ6 ሜትር ርዝመት ነው። ማኅበሩ በብዛት የሚሠራው መስኮት 1.20 በ1.20 ሜትር ሲሆን፣ ማዕዘኖቹ በ45 ዲግሪ ስለሚጋጠሙ ለዙሪያው አራት ባለ 1.20 ሜትር ቁራጭ ያስፈልገዋል። ስድስት ሜትር ለ1.20 ሲካፈል አምስት ይወጣል፤ ወረቀት ላይ ምንም አይተርፍም። ይሁን እንጂ የግራይንደሩ ዲስክ በእያንዳንዱ ቁረጥ ወደ 3 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ብረት ወደ ብናኝ ይለውጣል። አራት ጊዜ ሲቆረጥ 12 ሚሊ ሜትር ይጠፋል፤ አምስተኛው ቁራጭም 1.188 ሜትር ሆኖ ይቀራል። ይህ ቁራጭ ለዙሪያው ስለማይሆን «ለሌላ ሥራ ይውላል» ተብሎ ወደ ኋላ ይወረወራል።

በሌላ በኩል እያንዳንዱ መስኮት መሃል ከፋይ አለው። ከፋዩ የሚለካው ዙሪያው ከተበየደ በኋላ፣ ብዙውን ጊዜ በማግስቱና በሌላ ሰው እጅ ነው። ዙሪያው በሁለት በኩል 40 ሚሊ ሜትር ስለሚወስድ የከፋዩ ርዝመት 1.12 ሜትር ብቻ ነው። የሚቆርጠው ሰው ግን ከመደርደሪያው አዲስ ቱቦላሬ ያወርድ ነበር። በዚህ አካሄድ ለ20 መስኮት ለዙሪያው 20 ቱቦላሬ፣ ለከፋዩ ደግሞ 4 ቱቦላሬ፣ በድምሩ 24 ይፈጃል። ከፋዩ ከዚያው ከተረፈው አምስተኛ ቁራጭ ቢወጣ አንድ መስኮት ከአንድ ቱቦላሬ ያልቃል፤ አራቱ ዙሪያና አንዱ ከፋይ ሲደመሩ 5.92 ሜትር፣ በዲስክ የሚባክነው ሲታከል ደግሞ 5.94 ሜትር ገደማ ነው። ሃያው መስኮት በ20 ቱቦላሬ ይጠናቀቃል ማለት ነው። ከሚገዙት ስድስት ቱቦላሬ አንዱ ለዓመታት ወደ ክምሩ ሲሄድ ኖሯል።

አሠልጣኙ መፍትሔውን በንግግር አላስተማረም። ከትእዛዙ በፊት ሁሉም ቁራጭ በርዝመትና በብዛት የሚጻፍበት የመቁረጫ ዝርዝር አዘጋጅቶ፣ ዝርዝሩ ሳይሞላ ብረት ከመደርደሪያ እንዳይወርድ አስማማቸው። ቁልፉን የያዘችው ገንዘብ ያዧ ናት። ለአዲስ ቱቦላሬ የሚመጣ ሰው ዝርዝሩን ካላሳያት አትሰጠውም፤ መጀመሪያ ላይ ይህ ነባሩን በያጅ ክፉኛ አስቆጥቶት ነበር።

የነባሩ በያጅ ጉዳይ ራሱን የቻለ ትምህርት አለው። ችሎታው አያጠራጥርም፤ የሚበይደው መስመር የጠራና ጠንካራ ነው። ሆኖም የመስኮቱን ማዕዘን የሚያረጋግጠው በአንድ ጥግ ላይ በስኳድራ (የ90 ዲግሪ መለኪያ) ብቻ ነበር። አንድ ጥግ 90 ዲግሪ ሆኖ ሌላው ሊዛነፍ ይችላል፤ የተዛነፈው መስኮት ግንባታው ቦታ ደርሶ አልገባ ሲል ተመልሶ ይመጣል፤ ይሞረዳል፣ ይቆረጣል፣ እንደገና ይበየዳል። አሠልጣኙ ከመምህር ወንበር ሆኖ ቢያርመው ኖሮ ነገሩ እዚያው በተቋረጠ ነበር። እሱ ግን ከተመላሾቹ አንዱን መሬት ላይ አስተኝቶ፣ «አያ፣ እስቲ እርስዎ ይለኩልኝ» ብሎ የሜትሩን ጫፍ ሰጠው። ከጥግ ወደ ጥግ በሁለቱም አቅጣጫ ሲለካ ትክክለኛ ባለ 1.20 መስኮት ሁለቱም ሰያፍ ልኬቶች 1.697 ሜትር ገደማ ሊሆኑ ይገባል። ያ መስኮት ግን በአንድ በኩል ረዝሞ በሌላው አጥሮ ተገኘ። ነባሩ በያጅ ደግሞ ለካ፤ ከዚያም ሌላ ክርክር አላስፈለገም።

ቀጥሎ በመሥሪያ ጠረጴዛው ላይ ቁርጥራጭ ብረት በ90 ዲግሪ ተበይዶ የመገጣጠሚያ ማሰሪያ ተሠራ። አራቱ ማዕዘን በቅድሚያ በነጥብ ብየዳ ይያዛል፤ ሰያፉ ይለካል፤ ከዚያ ሙሉው ብየዳ ከአንዱ ጥግ ወደ ተቃራኒው ጥግ እየተዘዋወረ ይከናወናል፤ ሙቀቱ በአንድ በኩል ተከማችቶ ብረቱን እንዳይስበው ለማድረግ ነው። የማሰሪያውን ቦታ የመረጠው፣ ለብየዳ እጅ ማስገቢያ ክፍተቱንም የተወው ነባሩ በያጅ ነው። አሁን ለተለማማጆች ይህን የሚያስተምረው እሱ ሆኗል።

የዋጋ ተመኑም ከመቁረጫው ዝርዝር ተከትሎ መጣ። ገንዘብ ያዧ በዝርዝሩ ጀርባ የኤሌክትሮድ፣ የዲስክ፣ የቀለም፣ የጭነትና የሰው ቀን መስመሮች ጨመረች፤ ለማሽን እድሳትም ከእያንዳንዱ ትእዛዝ የምታስቀምጠው ድርሻ አበጀች። ለእያንዳንዱ አባል የሳምንት ክፍያ ተቆረጠለት፤ ይህ ክፍያ የሥራው ወጪ ሆኖ በዋጋው ውስጥ ገባ። ከሣጥኑ ማንሣት የቆመው ያኔ ነው። በአዳራሹ የሰማችው ምክር ሥራ ላይ የዋለው፣ ከዓመት በላይ ቆይቶ፣ መቁረጫ ጠረጴዛው የሚያስፈልገውን ቁጥር ከሰጣት በኋላ ነው። ስለዚህ አዳራሹ ፈጽሞ ከንቱ ነበር አልልም፤ ተከታይ ያስፈልገው ነበር፤ ተከታዩ ደግሞ ዘግይቶ መጣ።

ያልሠራው

የቴክኖሎጂ ድጋፉ በዚህ ማኅበር አልተሳካም። በኮሌጅ ተቀድቶ የተሠራ በእጅ የሚዞር የብረት ማጠፊያ መሣሪያ ተሰጥቷቸው ነበር፤ ለአጥርና ለአልጋ ጌጥ እንዲጠቅም ነው። ማኅበሩ የሚገዛው ቱቦላሬ ግን ገበያው በሚያቀርበው ልክ ስስ ስለሆነ፣ ሲታጠፍ ጎኑ ይጨማደዳል። ወጣቶቹ ቱቦውን ደረቅ አሸዋ ሞልተው፣ ሁለቱን አፍ ደፍነው ሲያጥፉት ጥሩ ቅርጽ ወጣ፤ ይሁን እንጂ ለአንድ ቁራጭ የሚፈጀው ጊዜ ደንበኛ ከሚከፍለው በለጠ። መሣሪያው ጥግ ላይ ተቀምጧል። ለማኅበሩ ሳይሰጥ በፊት አንድ ቀን በዚያው ሼድ፣ በዚያው ቱቦላሬ ቢሞከር ኖሮ ይህ ይታወቅ ነበር።

ሌላው የሥራ ማስኬጃ ገንዘብ ነው። ብድሩ ማሽን ይገዛል፤ ብረት ለመግዛት ግን አይበቃም። ከመንግሥት ግዥ ጋር በተያያዘ ለጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት የተፈቀደው ልዩ አስተያየት፣ በተለይ ለጨረታ በሚጠየቀው ማስከበሪያ ፋንታ ካደራጃቸው አካል የዋስትና ደብዳቤ ማቅረብ መቻላቸው፣ ማኅበሩን በእርግጥ ጠቅሞታል፤ የትምህርት ቤት ዴስክ ትእዛዝ ያገኘው በዚህ መንገድ ነው። ዴስኩን ካስረከቡ በኋላ ክፍያው ሲዘገይ ግን፣ ለቀጣዩ ሥራ የሚሆን ብረት መግዣ አጥተው በትእዛዝ ላይ ትእዛዝ መለሱ። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በክልሉ ከተነሣው ግጭት ወዲህ ደግሞ ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ የሚመጣው ብረት መንገድ ሲዘጋ ይቀራል፤ ሲከፈት ዋጋው ጨምሮ ይመጣል። ይህን አንድ አሠልጣኝ ሊፈታው አይችልም፤ ሊጠየቅበትም አይገባም። ሆኖም ከስድስት ቱቦላሬ አንዱን ማትረፍ ትልቅ ዋጋ ያገኘው በዚሁ ጊዜ መሆኑ መዘንጋት የለበትም።

ሦስተኛውና እኔን እጅግ የሚያሳስበኝ የአሠልጣኙ ጉዳይ ነው። አሠልጣኙ በኮሌጁ ሙሉ የማስተማር ጫና ነበረበት፤ ወደ ሼዱ የሚመጣው ክፍል በሌለው ሰዓት፣ ብዙ ጊዜም በራሱ የትራንስፖርት ወጪ ነው። የእሱ ሥራ የሚመዘነው በደገፋቸው ተቋማት ብዛትና በተፈረሙ ቅጾች ነው። በአንድ ሼድ ውስጥ ተቀምጦ ቁርጥራጭ ሲያስለካ የዋለበት ቀን፣ ሦስት ሼድ ዞሮ ሦስት ፊርማ ካሰባሰበበት ቀን ያነሰ ሆኖ ይመዘገባል። በዚህ ሚዛን ትጉሁ ሰው ይቀጣል። ድልድሉ ሲቀየርም ወደ ሌላ ዘርፍ ተመደበ፤ የጀመረው የቀለም ቅብና የዝገት መከላከያ ሥራ፣ ማለትም ብረቱ ከመቀባቱ በፊት ከዘይትና ከዝገት የሚጸዳበትን መንገድ የማስተካከሉ ነገር፣ በእንጥልጥል ቀረ። ከክረምቱ በኋላ ከተመለሱት በሮች አብዛኞቹ የተመለሱት በልኬት ሳይሆን ከቀለሙ ሥር በወጣ ዝገት ነው።

ለዚህ መፍትሔው ሩቅ አይመስለኝም። በቅጹ ላይ «ስንት ጊዜ ተጎበኘ» ከሚለው ጎን ለአንድ መስኮት ስንት ቱቦላሬ እንደፈጀ፣ ከወር ውስጥ ስንት ሥራ ለእርማት እንደተመለሰ የሚጠይቁ ሁለት መስመሮች ቢጨመሩ፣ አሠልጣኙም ኃላፊውም ሌላ ዓይነት ቀን ይውላሉ። የአዳራሹ ሥልጠና ግንባታ በሚቀዘቅዝበት ክረምት ቢሆን ቆራጩና በያጁም ሊካፈሉ ይችላሉ። አንድ አሠልጣኝ ደግሞ ቢያንስ ከጥቅምት እስከ ሰኔ፣ አንድ ሙሉ የግንባታ ወቅት፣ ከተመደበበት ማኅበር ባይነሣ የጀመረውን ይጨርሳል።

ማኅበሩ ራሱ በቅርቡ ለሚመለከተው ጽሕፈት ቤት ባስገባው ደብዳቤ የጠየቀው ከዚህ ያነሰ ነው። ገንዘብ ያዧ ያዘጋጀችው ደብዳቤ የመቁረጫ ዝርዝሮቹን ቅጂ አያይዞ፣ አዲስ ሥልጠና ከመመደቡ በፊት የዝገት መከላከያው ሥራ እንዲጠናቀቅ፣ ለዚህም የቀድሞው አሠልጣኝ በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ እንዲፈቀድለት ይጠይቃል። በሼዱ እንዲሠሩ የተፈቀደላቸው ጊዜ ሲያበቃ ወዴት እንደሚዛወሩ በጽሑፍ እንዲገለጽላቸውም አመልክተዋል፤ መገጣጠሚያ ማሰሪያው ከጠረጴዛው ጋር የተበየደ ስለሆነ ለመንቀልና እንደገና ለመትከል አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋቸዋል። ለደብዳቤው ገና ምላሽ አልመጣም።